ውድነሽ ጎበሳ የደረሰችበት ዓመት

አሰላ የተመደብኩት በስልሳ ስድስቱ ለውጥ በሰባተኛው ዓመት፣ በ1973 መስከረም ነው። ነርስ ሆኜ ከተመረቅሁ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ስለሆነ ብርድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የአሰላ ብርድ ግን ሌላ ነው፤ ከጭላሎ ተራራ ይወርድና በአንገትጌ ገብቶ እስከ ማታ አይወጣም። ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ስወጣ የጋሪ ፈረሶቹ አፍንጫ እንደ ድስት ይጨሳል። በጥቅምት ደግሞ ከከተማው ዳርቻ ጀምሮ ዓይን እስከሚችለው ድረስ ስንዴ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ አዳማ ላይ ሙቀቱን እየተማረርኩ ስኖር የሚናፍቀኝ ያ ብርድ ነው። ከብርዱ ጋር አብራ የምትመጣብኝ ደግሞ ውድነሽ ሀብተ ማርያም ናት።

ውድነሽን መጀመሪያ ያየኋት በ1974 ኅዳር፣ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቀይ፣ ረዘም ያለች፣ አነጋገሯ የታረመ ሴት ናት። ሦስት ሐሙስ ተከታትላ መጣች፤ በሦስቱም ቀን የምትለው አንድ ነው፤ "ሆዴን ያመኛል።" መድኃኒት ይታዘዝላታል፣ ትሄዳለች። እኔን ያስገረመኝ ሕመሟ ሳይሆን አቋቋሟ ነበር። ወረፋ ስትጠብቅ አግዳሚው ላይ ቦታ እያለ አትቀመጥም። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ናት፤ ሁልጊዜ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ሁልጊዜ ትንሽ ዘንቢል ይዛለች። በሦስተኛው ሐሙስ ሰዉ ሲያልቅ በሩን ዘጋሁት።

"ወይዘሮ ውድነሽ፣ እውነት ሆድዎን ነው የሚያምዎት?" አልኳት።

 ዘንቢሉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው።

"ያመልጠኛል፣ ሲስተር" አለች በመጨረሻ።

"ሽንት ነው?"

"ምነው ሽንት በሆነ።"

ይህን ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በትምህርት ቤት ስለ ሁሉም ነገር ተምረናል፤ ስለዚህ ግን ከአንድ ገጽ በላይ ያነበብኩ አይመስለኝም። ውኃ ቀድቼ ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ቀስ ብላ አወራችኝ። ባሏ መርሻ በመንግሥት እርሻ የኮምባይነር ሹፌር ነው። የመጀመሪያ ልጇን ወይንሸትን ስታምጥ የአጨዳ ወቅት ስለነበር እሱ እርሻ ላይ ነው፤ ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ቤቷ አማጠች። ልጅቷ በሰላም ተወለደች፤ እሷ ግን ክፉኛ ተቀደደች። ቁስሉ ዳነ። ሰገራዋን መያዝ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልቻለችም። ሦስት ዓመት ሆናት።

"ከቤት ስወጣ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀምስም" አለችኝ። "ሦስት ድርብ ጨርቅ አደርጋለሁ፤ ቅያሪው ዘንቢሉ ውስጥ ነው። አሰላ ውስጥ ያለ ሽንት ቤት ሁሉ የት እንዳለ ጠይቂኝ፣ በጨለማ አገኘዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የማስቀድሰው። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እሱም ምንም አይለኝም፣ እኔም ምንም አልለውም።"

"አንቺ" ማለቷን ሳታውቀው ነው ያደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም አንቺ አልኳት።

ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ግን የእናቷ ነገር ነበር። እናቷ እማማ በቀለች የሚኖሩት ጎበሳ ነው። ከአሰላ ጎበሳ በአውቶቡስ ያኔ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ መንገዱ አባጣ ጎርባጣ ነው፣ ሾፌሩም ለማንም ብሎ አይቆምም። ውድነሽ ከወለደች ወዲህ እናቷን አላየችም። አሮጊቷ ዓይናቸው ስለደከመ ብቻቸውን አይመጡም። በየገበያው ለሚመጣ ነጋዴ ሁሉ መልእክት ይሰጣሉ። የመጨረሻው መልእክት "ልጄ ሞታ እንደሆነ አትደብቁኝ" የሚል ነበር።

ልሂድ ብትልስ? በዚያ ዘመን ከአውራጃ አውራጃ ለመሄድ የቀበሌ ይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ይለፍ የሚጽፈው የቀበሌዋ ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው ነው። ጓድ ግዛቸው ደግሞ በየእሑዱ ስብሰባ ለማይመጣ ሰው አይጽፍም። ስብሰባው ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት ይፈጃል፤ መሀል ላይ ተነስቶ መውጣት ደግሞ ያስጠይቃል። ውድነሽ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንዱም ላይ ስላልተገኘች ስሟ "አኩራፊ" ተብሎ ተይዟል።

"እናቴን ለማየት ወረቀት ያስፈልገኛል፤ ለወረቀቱ ስብሰባ መቀመጥ አለብኝ፤ ስብሰባ ለመቀመጥ ደግሞ..." ብላ ተወችው።

በማግስቱ ለዶክተር ሣህሌ ነገርኩት። ዶክተር ሣህሌ በሆስፒታሉ የነበረ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ዝምተኛ፣ መነጽሩን በፕላስተር ጠግኖ የሚያደርግ፣ ገና አርባ ያልሞላው ሰው። መረመራትና ወደ እኔ ክፍል መጣ።

"ሰገራ የሚይዘው ጡንቻ ሙሉ በሙሉ አልተበጠሰም" አለኝ። "ትንሽ ተጎድቷል፤ አብዛኛው ግን አለ። ችግሩ እንዴት እንደሚያዝ ጠፍቷታል። በምጡ ጊዜ ደነገጠ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አላሠራውም።"

"ቀዶ ጥገና አይሆንም?"

"አዲስ አበባ ልልካት እችላለሁ፤ ወረፋው ዓመት ነው። ግን ውጭ አገር ስማር አንድ መጽሔት ላይ ያነበብኩት ነገር አለ። በመቀመጫ በኩል ትንሽ የጎማ ፊኛ አስገብተው ከመለኪያ ጋር ያገናኙታል። በሽተኛዋ ጡንቻዋን ስትጨብጥ መለኪያው ሲወጣ በዓይኗ ታያለች። እያየች ትማራለች። ብዙዎቹ ተሽሏቸዋል ይላል።"

"እኛ ያን መሣሪያ ከየት እናመጣለን?"

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የደም ግፊት መለኪያ አየ። አሮጌ ነው፤ ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቁ ተቀዶ ከሥራ ወጥቷል። ሜርኩሪው ግን ደህና ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ሁለታችን ተቀምጠን ሠራነው። የቀዶ ጥገና ጓንት ጣቱን ቆርጠን ቀጭን የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ በክር አሰርን፤ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ከሜርኩሪው ጋር አገናኘን። የጓንቱን ጣት በአየር ትንሽ ነፍተን በእጃችን ስንጨምቀው ሜርኩሪው ብድግ አለ። ዶክተር ሣህሌ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

ውድነሽን ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ጠራኋት። መርፌ ክፍሉ ውስጥ መጋረጃ ጋርጄ አልጋ አዘጋጀሁ። በግራ ጎኗ ትተኛለች፤ መለኪያውን ዓይኗ ፊት ወንበር ላይ አቆመዋለሁ። ዶክተሩ የመጀመሪያ ቀን ከመጋረጃው ውጭ ሆኖ ምን እንደምሠራ ነገረኝ፤ እሷ እንዳትሸማቀቅ ብሎ ነው።

"አሁን ጨብጪ" አልኳት።

"ምኑን?"

 መጽሐፉ የሚጠራው ስም ለእሷ ምንም አይነግራትም። በኋላ "ሰው ፊት ተቀምጠሽ አየር ሲመጣብሽ እንዳያመልጥሽ የምትይዢውን" አልኳት። ገባት። ጥርሷን ነከሰች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ፊቷ ቀላ፤ ሜርኩሪው ግን ትንሽ ተንቀጥቅጦ ቆመ። እጄን ሆዷ ላይ ሳደርግ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

"ይሄ ሆድሽ ነው" አልኳት። "ሆድሽ ከጠጠረ ወደ ታች ይገፋል እንጂ አይዝም። ሆድሽን ተይው።"

"ሆዴን ከተውኩ ሁሉንም የተውኩ ይመስለኛል" አለች።

ሃያኛዋ መስመር ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጠፍኩ። ሐኪሙ ያለው ስልሳ ድረስ አውጥታ፣ እስከ አሥር ቆጥራ እስክትጨርስ እንድትይዘው ነው። እኔ ስልሳን ሳይ የጭላሎን ጫፍ ያየሁ መስሎኝ ነበር።

ገና አንድ ወር እንደሠራን፣ ጥር ላይ፣ ለዶክተር ሣህሌ ደብዳቤ መጣ። ሰሜን ዘመቻ አለ፤ ሐኪሞች ይፈለጋሉ። ሦስት ቀን ተሰጠው። ከመሄዱ በፊት በራሱ እጅ የጻፈው ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠኝ።

"ዶክተር፣ እኔ ብቻዬን አልችለውም" አልኩት።

"እኔም እኮ ያነበብኩት እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም" አለኝ። "ከአንቺ የምበልጠው በአንድ መጽሔት ነው። እሱንም አሁን ጻፍኩልሽ።"

ከሆስፒታሉ በር ላይ በወታደር መኪና ሲሄድ ሁላችንም ወጥተን ሸኘነው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። ወደ አሰላ ተመልሶ አልመጣም። አሥመራ እንደሚሠራ ሰማን፤ ከዚያ በኋላ ግን የሰማሁት የለም።

ወረቀቱ እንዳለው ሆዷን ሰዓት አስለመድናት። ጠዋት ትኩስ ነገር ጠጥታ ትበላለች፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣም አልመጣም ሽንት ቤት ትቀመጣለች። እህል መተውን ከለከልኳት፤ ባዶ ሆድ ነገሩን እንደሚያብሰው ተጽፏል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ባቄላና ሽንብራ በዛ፣ አየሩም በዛ፤ በዚያ ጊዜ ሁለታችንም በመጋረጃው ጀርባ የሳቅነውን ሳቅ የሰማ ሰው ምን እንዳለ እንጃ። ሜርኩሪው ግን ሃያ አምስት ላይ ቆሞ ቀረ።

አንድ ዓርብ ሳትመጣ ቀረች። ማክሰኞም አልመጣችም። ቀጣዩም ሳምንት እንደዚያው። ቤቷን ጠይቄ ሄድኩ፤ ከገበያው በታች፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ወይንሸት ደጅ ላይ በቆርቆሮ ትጫወታለች። ውድነሽ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ስታየኝ አልተነሳችም።

"ወደ አንቺ ስመጣ ገበያው መሀል አመለጠኝ" አለችኝ። "ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይብቃኝ፣ ተናኜ። አንቺ ልፋትሽ በእግዜር ዘንድ አይጠፋም።"

ስሜ ተናኘወርቅ ነው፤ ተናኜ ያለችኝ ከእናቴ ሌላ እሷ ብቻ ናት። ምን እንደምላት ሳላስብ እውነቱን አወጣሁት።

"እኔም ሞክሬዋለሁ" አልኳት።

"ምኑን?"

"መሣሪያውን። ባለፈው ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት፣ በሩን ቆልፌ በራሴ ላይ ሞከርኩት። የማላውቀውን ነገር ላስተምርሽ አልቻልኩማ።"

እጇን ከሳሙናው አወጣች። "እና?"

"እኔም እንዳንቺ ሆዴን አጠጠርኩ። ትንፋሼን ይዤ ስታገል አየሁት። ከዚያ አንድ ሰው በሩን አንኳኳ። 'ማነው?' ብዬ ስናገር ሜርኩሪው ወጣ። ለካ የሚናገር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ሆድ ለቀቅ ይላል፤ ጡንቻው ብቻውን ይሠራል።"

ውድነሽ መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ ጠጋ ስል እየሳቀች ነው። "ያንኳኳው ሰው ምን እየሠራሽ እንደሆነ ቢያውቅ" አለች፤ እኔም ሳቅሁ። ወይንሸት ቆርቆሮዋን ትታ መጥታ አየችን።

ማክሰኞ መጣች። ያን ቀን እየጨበጠች ጮክ ብላ እንድትቆጥር ነገርኳት። ውድነሽ ጎበሳ ስላደገች ልጅነቷን ሁሉ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ ነው የቆጠረችው፤ ሳታስበው ቁጥሩ በእሱ ወጣላት።

"ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን..."

ሜርኩሪው ሠላሳን አለፈ። አርባ ላይ ደረሰ። "ኩዸን" ስትል፣ ማለትም አሥር ስትል፣ አርባ ሁለት ላይ እንደቆመ ነበር። ከዚያ ለቀቀችው፤ ቀስ ብሎ ወረደ።  ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ወጣ።

"ይሄ እኔ ነኝ?" አለች።

"አንቺ ነሽ።"

ዓይኗን ከመለኪያው ሳትነቅል ቆየች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰውነቷ ጋር ተጣልታ፣ ያን ቀን የታረቀች ትመስለኛለች። እኔም ያን ጊዜ ነርስ መሆኔን ወደድኩት፤ ከዚያ በፊት ሥራዬ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት እንጂ ጭንቅ አልነበረም። በየሳምንቱ ፕላስተሩን ወደ ላይ አነሳሁት። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ መሰማት ነበር። ሌላ ፊኛ ከፍ አድርጌ አስገብቼ በመርፌ ቱቦ አየር እሰጠዋለሁ፤ ሲሰማት "አሁን" ትላለች። መጀመሪያ ስልሳ ሲሲ ካልሞላሁ አይሰማትም ነበር፤ ለዚህ ነው ድንገት የሚያመልጣት፣ ሰውነቷ ሳይነግራት ይደርሳል። ቀስ በቀስ አርባ፣ ሠላሳ፣ አሥራ አምስት ላይ "አሁን" አለች። "አሁን" ስትል ወዲያው ትጨብጣለች። በመጨረሻ መለኪያውን ወደ ግድግዳ አዞርኩባት። ሳታይ ጨበጠች፤ እኔ ብቻ ሳየው ሃምሳ አምስት ነበር።

ቤቷም ብቻዋን ትለማመድ ነበር። ባሏ መርሻ አንድ ቅዳሜ ከእርሻ ሲመጣ ወንበር ላይ ተቀምጣ በኦሮምኛ ስትቆጥር አገኛት። ምን እንደሆነ ጠየቃት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ፣ "እና ለምን አልነገርሽኝም?" ሳይሆን "ስንት ደርሰሻል?" አላት። ይህንን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ስብሰባ ሄደች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ቀበሌዬ ባይሆንም ማንም አልጠየቀኝም። አዳራሹ ጢም ብሏል። አጀንዳው አምስት ነበር፤ መንገድ ጽዳት፣ የዘማች ቤተሰብ እርዳታ፣ የመሠረተ ትምህርት፣ ሌላውን ረስቼዋለሁ። በሦስተኛው አጀንዳ ላይ እጇ ጉልበቴን ያዘ። ፊቷን አላየሁም፤ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ተናጋሪው ስለ ጓድነት ሲያብራራ ውድነሽ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ትላለች። ሁለት ጊዜ እንዲያ ሆነ። ከዚያ እጇ ላላ። መፈክሩ ተብሎ ስንበተን ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ሆኖን ነበር። ቀስ ብላ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ወደ ጓሮው ሽንት ቤት ሄዳ ተመለሰች።

ሁለት እሑድ ጨምራ ተቀመጠችና ይለፍ ጠየቀች። ጓድ ግዛቸው ወፍራም፣ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው፤ ከወረቀቱ ላይ ቀና ብሎ አያት።

"ታምሜ ነበር ብለሻል።"

"አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልተናገርሽም?"

"በየትኛው አጀንዳ ላይ ልናገረው?" አለችው።

እኔ ደነገጥኩ። እሱ ግን ማኅተሙን አንስቶ መታ። "እናትሽን ሰላም በይልኝ" ብሎ ወረቀቱን ሰጣት። ክፉ ነው ስል ለኖርኩት ሰው ያን ቀን አንድ መልካም ነገር መዘገብኩለት።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አብሬያት ተነሳሁ። መርሻ ወይንሸትን አቅፎ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘን፤ በሩ አጠገብ ያለውን መቀመጫ ያዘላት እሱ ነው። ጥቁሩን ቀሚስ ትታ አረንጓዴ ለብሳ ነበር። ሳጉሬን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ዝናብ የጠገበው ምድር ይታረሳል፤ ጥንድ ጥንድ በሬ፣ ጥቁር አፈር፣ በየሜዳው ፈረስ የሚጋልቡ ሰዎች። ጭላሎ በግራችን ደመና ተከናንቦ ነበር። ውድነሽ እንደ ልጅ በመስኮት ታያለች፤ ይሄ የእገሌ መንደር ነው፣ እዚህ አባቴ ፈረስ ገዝቶ ነበር ትለኛለች።

አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ወረቀት ሁሉ እስኪታይ ማንም አይወርድም ተባለ። ታጣቂው ከኋላ ነው የጀመረው፤ አንዱ ገበሬ ወረቀቱ ስለጠፋበት ክርክር ተነሳ። ውድነሽ ወደ እኔ ዞረች።

"መጣ" አለችኝ።

"ትችይዋለሽ?"

"ተሰምቶኛል እኮ። ቀድሞ ተሰምቶኛል" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ ነገሩ ራሱ የገረማት ትመስል ነበር። ጀርባዋን አስተካክላ ተቀመጠችና ከፊት ለፊታችን ካሉ አሮጊት ጋር ስለ ጎበሳ ገበያ ማውራት ጀመረች። ስትናገር እጄን ሆዷ ላይ ማድረግ አላስፈለገኝም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ስንወርድ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሄደች፤ ስትመለስ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር።

ጎበሳ የደረስነው ከሰዓት ነው። እማማ በቀለች ደጃቸው ላይ ቆዳ አንጥፈው ስንዴ ይለቅሙ ነበር፤ ዓይናቸው ስለማያይ በጣታቸው ነው የሚለቅሙት። ውድነሽ ከአጥሩ በር ላይ ቆመች። አሮጊቷ የእግር ድምፅ ሰምተው "ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

ስንዴው ተደፋ። ፊቷን፣ ትከሻዋን፣ እጇን ደባበሱ። "አልሞትሽም" ይሉ ነበር እየደጋገሙ። "አልሞትሽም እንዴ።"

ከተረጋጉ በኋላ ለምን እንደቀረች ጠየቁ። ውድነሽ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ምጡን፣ ጨርቁን፣ ገበያውን፣ መሣሪያውንም። እማማ በቀለች ሳያቋርጡ አዳመጡ። ስትጨርስ ፊታቸውን ወደ ተደፋው ስንዴ መለሱ። ቅር የተሰኙ መስሎኝ ነበር።

"ታናሽ ወንድምሽን ስወልድ አንቺ አራት ዓመትሽ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እኔም እንደዚያው ነኝ።"

ውድነሽ አፍጥጣ ቀረች።

"ሰርግ የማልሄደው፣ ማኅበር የተውኩት፣ ሰው ቤት እህል የማልቀምሰው... አንቺ ኩራት ይመስልሽ ነበር። አባትሽም ኩራት ይመስለው ነበር፣ እንደዚያ እንዳለ ሞተ። ዓይኔ ነው መንገድ የከለከለኝ እላለሁ እንጂ፣ ዓይን ለሌለውስ ሰው እጁን ይሰጠው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ለማን ብዬ ልናገረው?"

ውድነሽ ራሷን በእናቷ ጭን ላይ አደረገች። አለቀሰች፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም፣ ፀጉሯን ይነካኩ ነበር። እኔ ተነስቼ የተደፋውን ስንዴ መልቀም ጀመርኩ፤ ሌላ የምሠራው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት እማማ በቀለች ወደ እኔ ዞረው፣ "ሲስተር፣ ለአሮጊትም ይሆናል?" አሉኝ።

"ይሆን እንደሆነ አላውቅም፣ እማማ። እንሞክረው ግን" አልኳቸው። አልዋሸኋቸውም።

ግንቦት ላይ ውድነሽ ይዛቸው አሰላ መጣች። በአውቶቡሱ ላይ ሁለቱ እንዴት እንደመጡ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እማማ በቀለች መለኪያውን ማየት ስለማይችሉ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ሜርኩሪው የደረሰበትን ትነግራቸው ነበር። "ሃያ፣ እማዬ። ሃያ ሁለት። ሆድሽን ተይው።" በዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ትርፍ ሰው ሆኜ ቆሜ አዳምጫቸዋለሁ። እሳቸው ከሠላሳ አልዘለሉም፤ ጡንቻው ብዙ ዘመን ተኝቷል። ግን አየር ሲመጣና ሌላው ሲመጣ መለየት ጀመሩ፣ ሽንት ቤት እስኪደርሱም መያዝ ቻሉ። ለእሳቸው ይህ በቂ ነበር። እስከ ክረምቱ ማብቂያ ከልጃቸው ጋር ሰነበቱ፤ መስቀልን ከጎረቤት ጋር ተቀምጠው በሉ።

ውድነሽ ራሷም ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። ተቅማጥ ሲይዛት ትቸገራለች፤ አየሩ አንዳንዴ ያመልጣታል፤ ያን ጊዜ ትስቃለች። ሌሎች ሴቶችን ግን እየጎተተች ታመጣልኝ ጀመር፤ አንዷን ከኢተያ፣ ሁለቱን ከኦጎልቾ። ለመናገር ሲያፍሩ እሷ ቀድማ የራሷን ትነግራቸዋለች። ከአሰላ እስከተዛወርኩበት እስከ ሰባ ዘጠኝ ድረስ አሥራ አራት ሴቶች በዚያ መጋረጃ ጀርባ አለፉ። ዘጠኙ ተሻላቸው፣ ሦስቱ ምንም ለውጥ አላገኙም፣ ሁለቱ ጀምረው ቀሩ። ለሐኪም ይህ ትንሽ ቁጥር ነው። እኔ ግን የዘጠኙንም ስም እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ አዳማ ሙቀቱ ሲያስቸግረኝ፣ ደጅ ተቀምጬ አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ።